ፊቱን ብቻ አይቶ መፍረድ፦ ስለ ሮማውያን የእብነ በረድ የሬሳ ሣጥኖች ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙዎች የተቀባበሉትን የሮማውያን የእብነ በረድ የሬሳ ሣጥኖች የሚመለከተውን ጽሑፍ አነበብነው። አማርኛው ያማረ ነው፤ ፎቶግራፎቹም ተመርጠው የገቡ ናቸው። በዚህ ርዕስ በቋንቋችን የሚጻፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ጸሐፊው ስለ ድካማቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ችግሩ ጽሑፉ የሣጥኖቹን ፊት ብቻ አይቶ የተጻፈ መሆኑ ነው። ጎናቸውን፣ ጀርባቸውን፣ የክዳናቸውን ጠርዝና መሮ ያለፈበትን ዱካ ያየ ሰው እዚያ የሰፈሩትን ድምዳሜዎች ለመጻፍ እጁ ይያዝ ነበር። እነዚህ ሣጥኖች የሐዘን መግለጫ ከመሆናቸው በፊት ተፈልፍለው፣ ተጭነው፣ ተሽጠው የተገዙ ከባድ ዕቃዎች ናቸው። ጸሐፊው ያሉትን እየጠቀስን መልሳችንን እናስከትላለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሮማውያን አስከሬን ማቃጠልን ትተው በእብነ በረድ ሣጥን መቅበር የጀመሩት ክርስትናን ሲቀበሉ ነው።»

ዘመኑ አይገጥምም። በሮማ ከተማ ቅርጽ ያለባቸው ሣጥኖች በብዛት መሠራት የጀመሩት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት፣ በንጉሠ ነገሥታቱ በትራያንና በሐድሪያን ዘመን ነው። ክርስትና በሕግ ነፃነት ያገኘው በ313 ስለሆነ በመካከሉ ሁለት መቶ ዓመት ያህል አለ። በእነዚያ ዓመታት የተቀረጸውን ማየትም ይበቃል፤ የወይን አምላኩ ዲዮኒሶስ ከነአጃቢዎቹ፣ የአፈ ታሪክ ጀግናው ሜሌአገር ከርከሮ ሲያድን፣ የባሕር አማልክት በማዕበል ላይ ሲጋልቡ። በጽሑፍ ሰሌዳዎቹ ላይ ደግሞ ለሙታን መናፍስት የሚቀርበው የተለመደው የላቲን መክፈቻ በምሕጻረ ቃል ተቀርጿል። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በሣጥኖች ላይ መታየት የሚጀምረው በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አካባቢ ነው።

ከቀደምቶቹ አንዱ ሮማ ውስጥ በሳንታ ማሪያ አንቲኳ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው፣ በ270 ገደማ የተሠራው ሣጥን ነው። እዚያ ላይ ነቢዩ ዮናስ ከዓሣው ሆድ ወጥቶ ከቅሉ ጥላ ሥር ተጋድሟል። በጾመ ነነዌ ታሪኩን ሲሰማ ላደገ አንባቢ የሚገርመው አቀማመጡ ነው፤ ራቁቱን፣ አንድ ክንዱን ከራሱ በላይ አጥፎ፣ እንደ ውብ ጎረምሳ ተኝቷል። ይህ አቀማመጥ የጨረቃ አምላክ ሴሌኔ ያፈቀረችው እረኛ፣ የኤንዲሚዮን አቀማመጥ ነው። ቀራፂዎቹ ሲቀርጹት የኖሩትን የተኛ ወጣት እንዳለ ወስደው ዙሪያውን ብቻ ለወጡት። ስለዚህ ክርስትና ሣጥኑን ያገኘው ተዘጋጅቶ ነው።

መቅበርም ቢሆን ለሮማውያን እንግዳ አልነበረም። የሮማዊው ሹም የሲፒዮ ባርባተስ የድንጋይ ሣጥን ከክርስቶስ ልደት በፊት የ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ የተሠራውም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንጂ ከእብነ በረድ አይደለም። የእርሱ ወገን የሆኑት ኮርኔሊዎች በ78 ከክርስቶስ ልደት በፊት ከመካከላቸው የሮማ ገዥ የነበረው የሱላ አስከሬን እስኪቃጠል ድረስ ሬሳቸውን ይቀብሩ እንደነበር ጥንታውያኑ ራሳቸው ጽፈዋል። በሌላ በኩል በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሣጥኑ ሲስፋፋም ማቃጠል ወዲያው አልቆመም። ባንድ መቃብር ቤት ውስጥ የአመድ ማሰሮና የሬሳ ሣጥን ጎን ለጎን ይገኛሉ። ለውጡን ያዘዘ ሕግም ሆነ የሃይማኖት ድንጋጌ አልተገኘም፤ ከግሪኩ ምሥራቅ የመጣ የባለጠጎች ልማድ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ ቢባል ይሻላል።

«እብነ በረዱ ሁሉ የካራራ ነው፤ ሥራውም ሁሉ የሮማ ቀራፂዎች ነው።»

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ስሕተቶች ከዚህ ይጀምራሉ። ዋና ዋናዎቹ የሥራ ማዕከላት ሦስት ነበሩ፤ ሮማ፣ አቴናና ትንሹ እስያ። የአቴናዎቹ የጴንጤሊኮስ ተራራን እብነ በረድ ይጠቀማሉ። ድንጋዩ ትንሽ ብረት ስላለበት ከዘመን ብዛት ወርቅማ ይሆናል። ሣጥኖቻቸው አራቱም ጎናቸው የተቀረጸ ሲሆን ከላይና ከታች ጌጠኛ ክፈፍ አላቸው፤ ክዳናቸውም ብዙ ጊዜ ሰው የተጋደመበት አልጋ ይመስላል። በትንሹ እስያ በዶኪሜዮን (ዛሬ ቱርክ ውስጥ አፍዮን አጠገብ) የሚሠሩት ደግሞ ዙሪያቸውን በዓምዶች የተከፋፈሉ፣ ቤተ መቅደስ የሚመስሉ ናቸው። ኢስታንቡል የሚገኘው የሲዳማራ ሣጥን ከዚህ ወገን ሲሆን ክብደቱ ከ30 ቶን በላይ ነው። የሮማዎቹ ፊታቸውና ሁለት ጎናቸው ብቻ ይቀረጻል፤ ያውም ጎኖቹ ላይ ቅርጹ የሳሳ ነው። ጀርባቸው የጠራቢው ሹል መሮ የተወው ሻካራ ገጽ ነው።

በሮማ የተቀረጹትም ቢሆኑ ድንጋያቸው የኢጣሊያው ካራራ ብቻ አይደለም። በማርማራ ባሕር ካለችው ከፕሮኮኔሶስ ደሴት የመጣ፣ ግራጫ መስመር ያለበትና ቅንጣቱ ሻካራ የሆነ እብነ በረድ፣ የታሶስ ደሴት ድንጋይም ጭምር በብዛት አሉበት። ይህ በዓይን ግምት ብቻ የሚባል አይደለም። ባለሙያዎች ከማይታይ ቦታ ጥቂት ዱቄት ወስደው የካርቦንና የኦክስጅን አይሶቶፖችን (በክብደት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶችን) ይለካሉ፤ የቅንጣቱንም ትልቁን መጠን ይመዘግባሉ። በአይሶቶፕ ብቻ የሚሰጥ ፍርድ አደገኛ ነው፤ የተለያዩ ካባዎች ልኬት አንዱ በሌላው ላይ ይደረባልና። የታሶስ የቫቲ ካባ ድንጋይ ግን ዶሎማይት (ማግኒዥየም ያለበት ዓይነት) ስለሆነ ቶሎ ይለያል።

ፕሮኮኔሶስ ለምን ተመረጠች? ካባዎቿ ባሕር ዳር ስለሆኑ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ርዝመቱ 2.1 ሜትር፣ ወርዱና ከፍታው 0.9 ሜትር የሆነ ድፍን ድንጋይ 1.7 ሜትር ኩብ ያህል ነው። አንድ ሜትር ኩብ እብነ በረድ 2.7 ቶን ስለሚመዝን ድንጋዩ ወደ 4.6 ቶን ይሆናል። ግድግዳውና ወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ቀርቶለት ውስጡ ቢቦረቦር 2.2 ቶን ያህል ፍርስራሽ እዚያው ካባው ላይ ይቀርና መርከብ ላይ የሚወጣው 2.4 ቶን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሣጥኖቹ ተቦርቡረውና ቅርጻቸው በደምሳሳው ወጥቶ ይጫኑ ነበር። በደቡብ ኢጣሊያ በታራንቶ አካባቢ በሳን ፒየትሮ ኢን ቤቫኛ በሰመጠ መርከብ ላይ 23 ያልተጠናቀቁ ሣጥኖች ተገኝተዋል፤ ትንንሾቹ በትልልቆቹ ሆድ ውስጥ ተጨምረው ነበር።

ዶኪሜዮን ግን ከየትኛውም ባሕር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ያለች ናት፤ በሬና ጋሪ የሚበላው ወጪ ዋጋው ላይ ይወጣል። ዲዮቅልጥያኖስ በ301 ባወጣው የዋጋ ድንጋጌ የዶኪሜዮን እብነ በረድ በ200 ዲናር፣ የታሶስ በ50፣ የፕሮኮኔሶስ በ40 ዲናር ተተምኗል። ይህን ያህል ልዩነት ባለበት «ሁሉም ካራራ ነው» ማለት ስለ ገዢው ኪስ ልናውቅ የምንችለውን ሁሉ መጣል ነው።

«እያንዳንዱ ሣጥን ለአንድ ሟች በትእዛዝ የተሠራ ነው፤ ቅርጹም የሕይወት ታሪኩ ነው። የአንዳንድ ምስሎች ፊት ሳይጠናቀቅ የቀረው የቤተሰቡ ገንዘብ ስላለቀ ነው።»

በሁለት ዓረፍተ ነገር ሦስት ስሕተት። በትእዛዝ የተሠሩ እንዳሉ አይካድም። ነገር ግን ሬሳ ወራት አይጠብቅም፤ ብዙ ሰው የተቀረጸበት ሣጥን ደግሞ የወራት ሥራ ነው። ስለዚህ ወይ ሰውየው በሕይወት ሳለ አሠርቶ ያስቀምጣል (ብዙ ጽሑፎች በቁሙ እንዳሠራው ይናገራሉ)፣ ወይ ቤተሰቡ ከቀራፂው ቤት ተሠርቶ የተቀመጠውን ይገዛል። ለመሸጫ የተዘጋጁት የሚታወቁት ለስም የተተወው ሰሌዳ ባዶ ሆኖ፣ የባለቤቱ ፊት የሚወጣበትም ስፍራ እንደ እንቁላል ድቡልቡል ሆኖ በመተዉ ነው።

በፓሪሱ የሉቭር ሙዚየም የሚገኘውን፣ በ1805 ቦርዶ አጠገብ ሴንት ሜዳር ዴራን የተገኘውን የዲዮኒሶስና የሚስቱ የአሪያድኔ ሣጥን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የአጃቢዎቹ ፀጉር፣ የወይን ዘለላው፣ የእንስሳቱ ጠጉር ሁሉ በጥንቃቄ ወጥቷል። የተኛችው የአሪያድኔ ፊት ግን ያልተነካ የድንጋይ ጉብታ ነው፤ የክዳኑ ጽሑፍ ሰሌዳም ባዶ ነው። በ1931 ሮማ ውስጥ የተገኘው የፖርቶናቾ ሣጥንም እንዲሁ ነው። በ180 ገደማ የተሠራ ሲሆን በጦርነቱ መካከል ያለው የጦር አዛዥም ሆነ በክዳኑ ላይ ያሉት ባልና ሚስት ፊት የላቸውም። ገንዘብ ያለቀበት ሰው በደርዘን የሚቆጠሩ ተዋጊዎችን እስከ ፈረሳቸው ልጓም አስቀርጾ በአንድ መዳፍ የሚሸፈን ፊት ላይ አይቆምም። የሚቀርበው ማብራሪያ ሌላ ነው፤ ምስሉ የሚወሰድለት ሰው ገና አልታወቀም ነበር፣ ወይም ሞቱ ድንገት ሆኖ ሣጥኑ እንዳለ ወደ ጨለማው ክፍል ገባና ተመልሶ የነካው የለም። አውቀው የተዉትም አሉ የሚሉ ምሁራን አሉ። እኛ ለመጀመሪያው እናደላለን፤ የባዶው ሰሌዳ ምስክርነት ይከብደናልና።

ቅርጹ የሟቹ ታሪክ ነው ስለሚባለው፦ ኤንዲሚዮን ሆኖ የተቀረጸው ሟች እረኛ አልነበረም። አፈ ታሪኩ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ንጽጽር ነው፤ ሞት እንደ እንቅልፍ፣ ፍቅርም ሞትን የማይፈራ ሆኖ ይታያል። ንጽጽሩም አንዳንዴ እስከ መጨረሻው አይገጥምም። በኦስቲያ የተገኘውና ዛሬ በቫቲካን ያለው፣ በ160ዎቹ ገደማ የተሠራው ሣጥን የጋይዮስ ዩኒዮስ ኤውሆዶስና የሚስቱ የሜቲሊያ አክቴ ነው። ስለ ባሏ የሞተችውን የአልኬስቲስን ታሪክ ይዟል፤ ሁለቱ የአፈ ታሪክ ሰዎች የእውነተኛውን ባልና ሚስት ያረጀ ፊት ተሸክመዋል። በታሪኩ ባል አድሜተስ ሚስቱ በእርሱ ፈንታ እንድትሞት የተስማማ ሰው ነው። ኤውሆዶስ ይህን ስለ ራሱ ሊናገር እንዳልፈለገ ግልጽ ነው። የፈለገው የሚስቱን ታማኝነትና ከሞት መመለሷን ብቻ ነው።

«ሣጥኖቹ የነገሥታትና የሴናተሮች ብቻ ነበሩ።»

ኤውሆዶስ ማን ነበር? የኦስቲያ የአናጢዎች ማኅበር ሹም። ሚስቱ የታላቋ እናት አምላክ ካህን ነበረች። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ናቸው እንጂ ሴናተሮች አይደሉም። ከዚህ በታች ዋጋ ለማውረድም መንገድ ነበር፤ የሣጥኑን ፊት በኤስ ቅርጽ በሚጠማዘዙ ቦዮች መሙላት። በቅርጽ ሰሌዳ ተለክቶ የሚደጋገም ሥራ ስለሆነ ዋና ቀራፂ አያስፈልገውም። ቀራፂው የሚነካው መሐል ላይ ያለችውን አንዲት ምስልና ምናልባት ጥግና ጥግ ያሉትን ሁለቱን ነው። ጸሐፊው እነዚህን በአንድ ዓረፍተ ነገር «ያልተሳካላቸው» ብለው አልፈዋቸዋል። ባለሙያ ግን ስለ ገበያው ከሁሉ ይበልጥ የሚማረው ከእነርሱ ነው። ሀብታሞቹም እነዚህኑ ይገዙ ነበር።

የሥራውን ሁኔታ የሚያሳይ ምስልም አለን። ኢጣሊያ ውስጥ በኡርቢኖ ባለው የቀራፂው የኤውትሮፖስ የመቃብር ሰሌዳ ላይ ቀራፂው በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ዓይነት ቦይ የተቆፈረበት፣ የአንበሳ ራስ ያለበት ሣጥን ሲሰረስር ይታያል። እርሱ መሰርሰሪያውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ረዳቱ በመሰርሰሪያው እንጨት ላይ የተጠመጠመውን ጠፍር ወዲያና ወዲህ ይስባል። የዚህ መሣሪያ ዱካ ቀላል ነው፤ በፀጉርና በልብስ እጥፋት ውስጥ ተከታትለው የተበሱ ቀዳዳዎች፣ በመካከላቸውም አንዳንዴ ሳይሰበሩ የቀሩ ቀጫጭን የድንጋይ ድልድዮች ይታያሉ። ቅደም ተከተሉ በሹል መሮ መደምሰስ፣ በባለጥርስ መሮ ቅርጹን ማውጣት፣ በጠፍጣፋ መሮ ማስተካከል፣ በመሰርሰሪያ ጥላ መፍጠር፣ በመጨረሻም ሞረድና ሻካራ ዱቄት ነው። አደጋው ያለው መሰርሰሪያው ላይ ነው። ድንጋዩ ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ ካለ እጥፋቱ በሙሉ ተገንጥሎ ይወድቃል። ጦር ወይም ክንድ ከጀርባው ድንጋይ ተለይቶ ከወጣም በገዛ ክብደቱ ስለሚሰበር በመካከሉ አጭር የድንጋይ ድጋፍ ይተውለታል። በጽሑፉ ውስጥ «ምሥጢራዊ ጉጦች» የተባሉት እነዚህ ድጋፎች ናቸው፤ ምሥጢር የላቸውም።

«ንጹሕ ነጭነቱ የሮማውያን የሞት ፍልስፍና ነው።»

ነጭ አልነበሩም። ቀለም ተቀብተው፣ አንዳንዴም ወርቅ ተለብጠው ነበር። በሮማ ብሔራዊ ሙዚየም የክርስቶስ ተአምራት የተቀረጹባቸው ቀለማቸው እስካሁን በግልጽ የሚታይ ሰሌዳዎች አሉ። በዓይን የማይታየውም በመሣሪያ ይታያል። የግብፅ ሰማያዊ የሚባለው ከመዳብ፣ ከኖራና ከአሸዋ ተቃጥሎ የሚሠራ ቀለም በተራ ብርሃን ሲበራበት ከቀይ በታች ያለ ጨረር ያወጣል። ለዚህ የተስተካከለ ካሜራ እያንዳንዷን ቅንጣት በጨለማ እንደምታበራ ነጥብ ያነሣታል። ቀለሙን ያጠፋው ምንድን ነው? አፈርና ዝናብ የየድርሻቸውን ወስደዋል፤ የቀረውን ያጠፉት ግን በቀደሙት ዘመናት ሣጥኖቹን በአሲድና በብረት ብሩሽ ያጸዱ ሰዎች ናቸው። ፍልስፍና የተባለው ነጭነት በከፊል የአጣቢ ሥራ ነው።

«የተቀረጹት በአፒያ መንገድ የሚያልፍ መንገደኛ እንዲያያቸው ነው።»

ይህ ለምሥራቁ ክፍለ ግዛት ቢባል ያስኬድ ነበር። ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባሉት በሂየራፖሊስና በቴርሜሶስ ሣጥኖች ደጅ ላይ፣ በመንገድ ዳር፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይቆማሉ፤ ለዚህም ነው ዙሪያቸው የሚቀረጸው። በሮማ ግን ለመንገደኛው የሚታየው የመቃብር ቤቱ ግንባርና በበሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ በግድግዳ ጎድጓዳ ውስጥ ወይም ወደ ግድግዳ ተጠግቶ፣ በኩራዝ ብርሃን። ያልተቀረጸው ጀርባ የሚነግረን ይህንኑ ነው። የሚያየው ቤተሰቡ ነው፤ ከየካቲት 13 እስከ 21 በሚውለው የሙታን መታሰቢያ ሰሞን ምግብና ወይን ይዞ ሲመጣ።

«እብነ በረዱ ሥጋን በአርባ ቀን ይበላ ነበር።»

አርባ ቀን የሚለው ከጥንታዊው ሮማዊ ጸሐፊ ከፕሊኒ የመጣ ነው፤ ፕሊኒ የተናገረው ግን ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው በአሶስ ስለሚወጣ ድንጋይ ነው። የአሶስ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ አለት እንጂ እብነ በረድ አይደለም። እብነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የሚበላው ነገር የለም። በ1889 ሮማ ውስጥ የፍርድ ቤቱ ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር የክሬፔሬያ ትሪፋይና የእብነ በረድ ሣጥን ተከፈተ። ውስጡ ጥርት ያለ ውኃ ሞልቶት ነበር፤ በራስ ቅሏ ላይ የበቀለ የውኃ ተክል በውኃው ውስጥ ሲወዛወዝ ላዩት ሰዎች ፀጉር መሰላቸው። አጽሟ፣ ጌጣጌጦቿና እጅና እግሯ የሚተጣጠፍ የዝሆን ጥርስ አሻንጉሊቷ ከ1700 ዓመት በኋላ እዚያው ነበሩ።

«የተሰበሩ የክዳን ጥጎች ሁሉ የዘራፊዎች ሥራ ናቸው።»

ሁሉም አይደሉም። ክዳኑ ከሣጥኑ ጋር የሚያያዘው በብረት ማያያዣ ነው፤ የብረቱ ጫፍ በተቦረቦረ ቀዳዳ ውስጥ ይገባና የቀለጠ እርሳስ ይፈስበታል። እርሳሱ ብረቱን በሙሉ ከሸፈነው እርጥበት አይደርስበትም። ክፍተት ከተተወ ግን ብረቱ ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ዙሪያውን ያለውን ድንጋይ ይፈነቅላል። ዝገቱ ያፈነዳው ስብራት ከማያያዣው ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚሰፋ ሲሆን ዙሪያው ቡናማ ነው። ዘራፊ የሰበረው ደግሞ ክዳኑና ሣጥኑ በሚገናኙበት መስመር ላይ የፍልጥ ብረት ጥርስ የተወው ምልክት አለው።

«ሮማ ከወደቀች በኋላ ተረስተው ቆይተው በሕዳሴ ዘመን ተገኙ።»

የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ በ814 ሲሞት የአምላክቱ የፕሮሰርፒና ጠለፋ የተቀረጸበት የሮማውያን ሣጥን ውስጥ እንደተቀበረ ይነገራል፤ ሣጥኑ ዛሬም ጀርመን ውስጥ በአኸን አለ። በ1076 የሞተችው የቱስካኒዋ ቤያትሪስ በፒሳ የተቀበረችው የፋይድራና የሂፖሊተስ አፈ ታሪክ ባለበት የሮማውያን ሣጥን ነው። ቀራፂው ኒኮላ ፒሳኖ በ1260 ለፒሳ የጥምቀት ቤት የስብከት ሰገነት ሲቀርጽ ድንግል ማርያምን ያቀረበው በዚያው ሣጥን ላይ እንደተቀመጠችው ፋይድራ አድርጎ ነው። ሌሎቹ የመሠዊያ እግር፣ የቅዱሳን አጽም ማኖሪያ ወይም የአደባባይ ውኃ ገንዳ ሆነው ሲያገለግሉ ኖረዋል። ገንዳ የነበሩትን መለየት አይከብድም። ለአስከሬን ፈሳሽ የተተወ ቀዳዳ ካለ ወለሉ ላይ ነው። የቧንቧው ቀዳዳ ግን ፊቱ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በአንበሳው አፍ ወይም በአንዱ ጀግና ሆድ መካከል ይበሳል፤ ዙሪያውም ኖራ ይጋገርበታል። በጽሑፉ ሦስተኛ ፎቶግራፍ ላይ «የጦር ቁስል» የተባለው ክብ ቀዳዳ ኖራው እስካሁን አልለቀቀውም።